የድምፁ ትርጉምና የከፋዩ ማንነት፦ በአሜሪካ የፅንስ ማቋረጥ የምርጫ ማስታወቂያዎች የሐቀኝነት ድንበር የት ይሰመር?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2022፣ በአሜሪካ የካንሳስ ግዛት በፅንስ ማቋረጥ ጉዳይ ሕዝበ ውሳኔ ሊካሄድ አንድ ቀን ብቻ ሲቀረው፣ በርካታ የግዛቲቱ መራጮች ላኪው ማን እንደሆነ የማይገልጽ አጭር የስልክ መልእክት ደረሳቸው። መልእክቱ የካንሳስ ሴቶች በሥነ ተዋልዶ ጉዳይ የመምረጥ መብታቸውን እያጡ መሆኑን ያስጠነቅቅና፣ ለቀረበው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ «አዎ» ብሎ ድምፅ መስጠት ለሴቶች ምርጫ እንደሚያስገኝና ጤናቸውን እንደሚጠብቅ ይናገራል። ነገሩ ግን ግልባጩ ነበር። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 በሰጠው ውሳኔ የካንሳስ ሕገ መንግሥት ፅንስ የማቋረጥ መብትን እንደሚጠብቅ አረጋግጦ ስለነበር፣ ማሻሻያው የተረቀቀው ይህንኑ ጥበቃ ለማንሳት ነው። «አዎ» የሚል መራጭ ጥበቃው እንዲነሳ፣ «አይሆንም» የሚል ደግሞ ባለበት እንዲጸና ድምፁን ይሰጣል። መልእክቱ ከደረሳቸው ሰዎች መካከል የመብቱ ደጋፊ መሆናቸው የታወቀው የቀድሞዋ የግዛቲቱ ገዥ ካትሊን ሲቤሊየስ ይገኙበታል።

መልእክቱን በሥነ ምግባር ሚዛን ለሚመዝን ሰው ፍርዱ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የሕጉ ጥያቄ ነው። የግዛቲቱ የሥነ ምግባር ኮሚሽን በዚያው ሰሞን እንዳስታወቀው፣ በሥራ ላይ ያለው ሕግ ስለ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ በስልክ መልእክት የሚደረግ ቅስቀሳ ወጪውን የሸፈነው ማን እንደሆነ እንዲገልጽ አያስገድድም ነበር። ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ መልእክቶቹ ማሻሻያውን ከሚደግፍ አንድ የፖለቲካ ኮሚቴ ጋር የተያያዙ መሆናቸውን የዘገበው በራሱ ማጣራት እንጂ ከመልእክቱ ላይ አንብቦ አይደለም። በማግሥቱ ከመራጮቹ 59 በመቶ የሚሆኑት ማሻሻያውን ውድቅ ስላደረጉት ማታለሉ ግቡን አልመታም፤ ምናልባትም በዚህ ምክንያት ጉዳዩ ቶሎ ተረሳ። መረሳት ግን አልነበረበትም። በፅንስ ማቋረጥ ዙሪያ ከሚሰራጩ የምርጫ ማስታወቂያዎች መካከል ሕግ በሙሉ ልብ ሊይዘው የሚገባው ውሸት የትኛው እንደሆነ ከማናቸውም በላይ አጉልቶ የሚያሳየው ይህ መልእክት ነውና።

ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው እንዲህ ነው። መንግሥት ስለ ፅንስ ማቋረጥ የተነገረውን ነገር እውነትነት እንዲዳኝ ሥልጣን መስጠት ልምድ እንዳሳየው ፍትሐዊነትን አያመጣም፤ ይልቁንም ለአንዱ ወገን ተጨማሪ መሣሪያ ይሆናል። ሕጉ ሊያተኩርባቸው የሚገቡ ጉዳዮች ከዚህ የጠበቡ ናቸው። አንደኛው መራጩ የሚሰጠው ድምፅ ምን ሕጋዊ ውጤት እንዳለው የሚነገር ውሸት ሲሆን፣ ሁለተኛው የተናጋሪውን ማንነት መደበቅ ነው።

የይዘት ዳኝነት እንዴት እንደሚከሽፍ ለማየት ከኦሃዮ የተሻለ ቦታ የለም። በዚያ ግዛት ስለ አንድ ዕጩ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም እውነት ይሁን ሐሰት ሳይጨነቅ መግለጫ ያሰራጨ ሰው እስከ 6 ወር እስራትና እስከ 5,000 ዶላር መቀጮ ሊያስቀጣው የሚችል ሕግ ነበር። ዓላማው የሚነቀፍ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2010 ከሲንሲናቲ አካባቢ የተመረጡት የዴሞክራቲክ ፓርቲ የምክር ቤት አባል ስቲቭ ድሪሃውስ የጤና መድን ማሻሻያ ሕጉን ደግፈው ድምፅ ሰጡ። ድሪሃውስ ራሳቸው ፅንስ ማቋረጥን የሚቃወሙ ሰው ነበሩ። ሆኖም ሱዛን ቢ. አንተኒ ሊስት የተባለው ፀረ ፅንስ ማቋረጥ ድርጅት፣ እንደራሴው በግብር ከፋዩ ገንዘብ ለሚፈጸም ፅንስ ማቋረጥ ድምፅ ሰጥተዋል የሚል ትልልቅ የመንገድ ዳር ማስታወቂያ ለመስቀል ተዘጋጀ። የድሪሃውስ ጠበቃ የሰሌዳዎቹን ባለቤት ኩባንያ በሕግ እንደሚጠይቅ ሲያስጠነቅቅ ኩባንያው ማስታወቂያውን አልሰቅልም አለ፤ ድሪሃውስም በኦክቶበር ወር ለኦሃዮ የምርጫ ኮሚሽን አቤቱታ አቀረቡ። የኮሚሽኑ ሦስት አባላት ያሉት ችሎት በ2 ለ1 ድምፅ ሕጉ ተጥሷል ብሎ ለማመን የሚያበቃ ምክንያት አለ ሲል ወሰነ።

ለመሆኑ መግለጫው ሐሰት ነበር? ክርክሩን ጠጋ ብሎ ላየው ሰው መልሱ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። የጤና መድን ሕጉ በአዲሱ የመድን ገበያ የሚሸጡ ውሎች ፅንስ ማቋረጥን እንዲያካትቱ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ለዚህ አገልግሎት የሚውለው ገንዘብ ከመድን ገቢው በተናጠል ተሰብስቦ በተለየ ሒሳብ እንዲያዝና የፌዴራሉ ድጎማ እንዳይነካው ያዛል። ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማም በዚያው ዓመት በማርች ወር ይህንኑ የሚያጠናክር ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ፈርመዋል። እነድሪሃውስ «ሒሳቡ ተለይቷል፤ ስለዚህ ግብር ከፋዩ አልከፈለም» ይላሉ። ድርጅቱ ደግሞ «ድጎማው ባይኖር ውሉ አይገዛም ነበር፤ ገንዘቡ ከአንዱ ኪስ ቢወጣ ከሌላው ልዩነት የለውም፤ ስለዚህ ግብር ከፋዩ ከፍሏል» ይላል። ሁለቱም ወገኖች የሚጠቅሱት ያንኑ አንድ ሕግ ነው። የሚለያዩት «መክፈል» የሚለው ቃል ምን ድረስ ይዘረጋል በሚለው ላይ ነው። ማስታወቂያው አዳላጭ ነበር፤ ስለ ሒሳቡ መለየት አንዲት ቃል አለመተንፈሱም ከሐቀኝነት ያርቀዋል። ይሁን እንጂ «መክፈል» ለሚለው ቃል አንድ ፍቺ መርጦ ሌላውን ፍቺ የያዘውን ሰው ወደ እስር ቤት መላክ የምርጫ ኮሚሽን ሥራ ሊሆን አይችልም።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው ግን የጊዜው ጉዳይ ነው። ማስታወቂያው ሐሰት ነው ብሎ የመጨረሻ ፍርድ የሰጠ አካል ሳይኖር ማስታወቂያው ሳይሰቀል ቀረ። ድሪሃውስ በኖቬምበር ወንበራቸውን አጡ፤ አቤቱታውም ተነሣ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጁን 2014 ድርጅቱ ሕጉን በፍርድ ቤት መቃወም እንደሚችል በሙሉ ድምፅ ሲወስን፣ ዳኛ ክላረንስ ቶማስ በጻፉት ውሳኔ የተነሣው አንዱ ነጥብ ይኸው ነበር፦ አቤቱታ የቀረበበት ወገን ወሳኝ በሆኑት የመጨረሻ ቀናት ጊዜውንና ገንዘቡን ከቅስቀሳ ወደ ጠበቃ እንዲያዞር ይገደዳል። አቤቱታ ማቅረብ በራሱ የምርጫ ስልት ሆነ ማለት ነው። ጉዳዩ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ተመልሶ ሕጉ የንግግር ነፃነትን ይጥሳል ተብሎ ተሻረ፤ የስድስተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2016 ሽረቱን አጸና። ከሰሌዳው እስከ መጨረሻው ፍርድ ከ5 ዓመት በላይ ተቆጠረ። መራጩ ማወቅ የሚፈልገው ግን በዚያው ሳምንት ነበር።

የኦሃዮው ኮሚሽን ቢያንስ ከሁለቱም ፓርቲዎች የተውጣጣ አካል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 በፍሎሪዳ የታየው ከዚህ ይከፋል። በግዛቲቱ ፅንስ ማቋረጥን ከስድስት ሳምንት በኋላ የሚከለክለው ሕግ በሜይ 1 ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ፣ መብቱን በሕገ መንግሥት ለማስፈር የሚጠይቅ አራተኛው ማሻሻያ በኖቬምበር ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። የማሻሻያው ደጋፊዎች ባሠራጩት የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ፣ በእርግዝናዋ ወቅት የአንጎል ካንሰር የተገኘባት አንዲት ሴት ሕጉ እንደ እርሷ ላሉ ሴቶች እንኳ ፅንስ ማቋረጥን እንደከለከለ ትናገራለች። የግዛቲቱ ጤና መምሪያ በኦክቶበር 3 ለጣቢያዎች በጻፈው ደብዳቤ፣ ሕጉ የእናትን ሕይወት ለማትረፍ ልዩ ፈቃድ ስላለው የሴትዮዋ ቃል ሐሰትና ለጤና አደገኛ ነው፤ ማሰራጨታችሁን ካላቆማችሁ በወንጀል ልትጠየቁ ትችላላችሁ ሲል አስጠነቀቀ። ቢያንስ አንድ ጣቢያ ማስታወቂያውን አነሣ።

እዚህም ላይ የእውነትነቱ ጥያቄ የሚመስለውን ያህል አጭር አይደለም። የቅስቀሳው አዘጋጆች እንደተከራከሩት የሴትዮዋ ካንሰር የማይድን ነበር፤ ፅንሱ መቋረጡ ዕድሜዋን የሚያራዝም ሕክምና እንድታገኝ አስቻላት እንጂ ሕይወቷን አላተረፈም። እንግዲህ «ሕይወትን ለማትረፍ» የሚለው ሐረግ ዕድሜን ማራዘምን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ሁለት ሐኪሞች በጽሑፍ ማረጋገጥ ያለባቸው፣ ከተሳሳቱም በወንጀል የሚጠየቁበት ሕግ ሲሆን መልሱ በሐኪሙ ድፍረት ልክ ይሰፋል ወይም ይጠባል። የፌዴራሉ ዳኛ ማርክ ዎከር በኦክቶበር 17 መንግሥት ጣቢያዎቹን ከማስፈራራት እንዲቆጠብ ጊዜያዊ የእግድ ትእዛዝ ሰጡ። ማሻሻያው 57 በመቶ ድምፅ ቢያገኝም የግዛቲቱ ሕግ የሚጠይቀውን 60 በመቶ ባለማሟላቱ ወደቀ።

የፍሎሪዳው ታሪክ አንድ ክፋይ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በዚያው የቅስቀሳ ወቅት ሌላ የግዛቲቱ መሥሪያ ቤት በሕዝብ ገንዘብ ስለ ማሻሻያው የራሱን ድረ ገጽና ማስታወቂያ ያሰራጭ ነበር፤ እንዲታገድ የቀረበውንም ጥያቄ የግዛቲቱ ፍርድ ቤት አልተቀበለውም። የአንዱን ወገን ማስታወቂያ «ሐሰት» ብሎ በወንጀል የሚያስፈራራውና የሌላውን ወገን መከራከሪያ በመንግሥት በጀት የሚያሰማው አስተዳደር አንድ ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ሐሰትን የመለየት ሥልጣን ለመንግሥት ይሰጥ የሚል ሰው፣ ሥልጣኑን ነገ የሚይዘው ማን እንደሚሆን ቆም ብሎ ማሰብ ይኖርበታል። ነገሩ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፤ ዛሬ ደብዳቤ የደረሰው ወገን ነገ ደብዳቤ ጸሐፊ ሊሆን ይችላል።

ማስፈራሪያው ቢያንስ በአንድ ጣቢያ ላይ የሠራበት ምክንያት የብሮድካስት ሕጉ ካበጀው ልዩነት ጋር ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው የኮሙኒኬሽን ሕግ አንቀጽ 315 ጣቢያዎች የዕጩዎችን ማስታወቂያ ይዘት እንዳይቆርጡ ይከለክላል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1959 በዚሁ ምክንያት ጣቢያዎቹ በዕጩው ንግግር በስም ማጥፋት እንደማይጠየቁ ወስኗል። በሕዝበ ውሳኔ ግን ዕጩ የለም። የቀስቃሽ ቡድኖችን ማስታወቂያ ጣቢያው መቀበልም መመለስም ይችላል፤ ካስተላለፈም ኃላፊነቱ አብሮት ይኖራል። ስለዚህ አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የጣቢያ ጠበቃን ለማስደንገጥ ይበቃል። የኦሃዮው የሰሌዳ ኩባንያም ያፈገፈገው በተመሳሳይ ሒሳብ ነው፤ ማስታወቂያው ለባለቤቱ ዓላማው ሲሆን ለአስተላላፊው አንድ ደረሰኝ ብቻ ነው።

ሐቀኝነትና ፍትሐዊነት ሁልጊዜ አንድ አለመሆናቸውም መነሣት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1992 በጆርጂያ ለፌዴራሉ ምክር ቤት የተወዳደሩት ዳንኤል ቤከር የተቋረጡ ፅንሶችን ምስል የያዘ ማስታወቂያ በቴሌቪዥን አሳዩ። ብዙ ተመልካቾች ተቆጡ። የፌዴራሉ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1994 ጣቢያዎች እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ሕፃናት ወደማይመለከቱበት ሰዓት ማዛወር ይችላሉ ቢልም፣ የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1996 ውሳኔውን ሻረው፤ ዕጩው ድምፁን ለማሰማት ከፈለገው ሰዓት ውጭ መግፋት የሕጉን ቃል ይጥሳልና። ምስሉን «ሐሰት» ብሎ መክሰስ የተመልካቹን ቁጣ አይመልስም። ጥያቄው ሳይጠየቅ የሚመጣ ድንጋጤ ክርክር ነው ወይስ የክርክር ምትክ የሚል ነው፤ እርሱም የትኛውም የሐሰት መግለጫ ሕግ ሊደርስበት የማይችል ጥያቄ ነው።

ስለ ሕክምናው የሚነገሩ የተጋነኑ ነገሮችም በሁለቱም ወገን ሞልተዋል። መብቱን የሚቃወሙ ቅስቀሳዎች እስከ መውለጃ ቀን ድረስ የሚፈጸም ፅንስ ማቋረጥን የተለመደ ነገር አስመስለው ያቀርባሉ፤ የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል መረጃ ግን ከ21 ሳምንት ጀምሮ የሚፈጸመው ከጠቅላላው ወደ 1 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን ያሳያል። በሌላ በኩል ከማሕፀን ውጭ ለሚፈጠር እርግዝና የሚሰጥ ሕክምና በሕግ ተከልክሏል የሚል አነጋገር ከ2022 ወዲህ በሰፊው ተሰምቷል፤ የቴክሳስ ሕግ ለምሳሌ ይህን ሕክምና ከፅንስ ማቋረጥ ትርጉም በግልጽ ያወጣዋል። ሐኪሞች በፍርሃት መዘግየታቸው እውነት ሊሆን ይችላል፤ «ሕጉ ከለከለ» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። እነዚህን የሚያርመው ጋዜጠኛ፣ ሐኪም፣ ተመራማሪና ተፎካካሪ ወገን ነው። እርማቱ ቀርፋፋ ነው፤ ብዙ ጊዜም የውሸቱን ያህል አድማጭ አያገኝም። ቢሆንም አድማጩ ጊዜ አለው፤ ስለ ጉዳዩም ከሌላ ቦታ መስማት ይችላል።

የካንሳሱ መልእክት ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ስለ ፅንስ ማቋረጥ ምንም አልዋሸም ማለት ይቻላል። የዋሸው ስለ ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ነው። የመራጩን አቋም ለማስለወጥ አልሞከረም፤ አቋሙን እንደያዘ እጁ ወደ ተቃራኒው ሳጥን እንዲሄድ ነው የፈለገው። በክርክር የተሸነፈ ሰው ሐሳቡን ቀይሮ ይመርጣል፤ በዚህ መንገድ የተታለለ ሰው ግን ሐሳቡ ሳይቀየር ድምፁ ተወስዷል። ስለዚህም ከንግግር ይልቅ ለስርቆት ይቀርባል።

የአሜሪካ ሕግ ለዚህ ዓይነቱ ልዩነት በሩን አልዘጋም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2018፣ በምርጫ ጣቢያ ውስጥ ስለሚለበሱ የፖለቲካ ልብሶች በተነሣው የሚኒሶታ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ የግርጌ ማስታወሻ ላይ፣ መራጮችን ስለ ምርጫ መስፈርቶችና ሥነ ሥርዓቶች ለማሳሳት የታለሙ መልእክቶችን ግዛቶች መከልከል እንደሚችሉ እንደማይጠራጠር ጠቅሷል። የተሳሳተ የምርጫ ቀን ወይም የተሳሳተ ጣቢያ የሚናገር መልእክት በዚህ ውስጥ እንደሚወድቅ ግልጽ ነው። የ«አዎ»ን ትርጉም የሚገለብጥ መልእክትስ? ሊወድቅ ይገባዋል። ማክሰኞ የሚደረገውን ምርጫ ረቡዕ ነው ብሎ መዋሸትና ጥበቃን የሚያነሣውን ምልክት ጥበቃን የሚሰጥ ነው ብሎ መዋሸት በመራጩ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት አንድ ነው፤ እንዲያውም ሁለተኛው ይብሳል፤ የመጀመሪያው ድምፁን ሲያስቀረው ሁለተኛው ለባላጋራው ይሰጠዋል።

መለያው መስፈርት ቀላል መሆን አለበት፤ የመልእክቱን ሐሰትነት ለማወቅ ለውሳኔ የቀረበውን ጽሑፍ ከማንበብ ያለፈ ነገር ያስፈልጋል ወይ? የካንሳሱ ማሻሻያ ሕገ መንግሥቱ ፅንስ የማቋረጥ መብትን እንደማይሰጥ በቃሉ ይናገራል፤ ስለዚህ «አዎ» ለሴቶች ምርጫ ያስገኛል የሚለው ንግግር ጽሑፉ ፊት ሲቀርብ አይቆምም። የኦሃዮው ሰሌዳ በዚህ መስፈርት አይያዝም፤ የገንዘብን ባሕርይ መወሰን ይጠይቃልና። የፍሎሪዳው ማስታወቂያም አይያዝም፤ የሕክምናና የሕግ ትርጓሜ ክርክር ውስጥ ያስገባልና። የካንሳሱ ማሻሻያ ደጋፊዎች «ምርጫው ከፍርድ ቤት ወደ ሕዝቡ ይመለሳል» ቢሉ ደግሞ፣ ወደድንም ጠላንም የሚባልለት የፖለቲካ አስተያየት ነው፤ ነፃ ነው። መልእክቱ ግን ምርጫው ለሕዝቡ ይመለሳል አላለም፤ ለሴቶች ይሰጣል ነው ያለው።

በኢትዮጵያ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም ሐሰት መሆኑን ብቻውን በቂ አላደረገም። አሰራጩ ሐሰትነቱን ማወቁ ወይም ማወቅ የሚገባው መሆኑ፣ ንግግሩም ሁከት ወይም ግጭት የማስነሣት ዕድሉ ከፍተኛ መሆኑ አብሮ ይታያል። ለሕግ ተማሪዎች የሚጠቅመው ንጽጽር፣ እዚያ ላይ ሐሰቱ የሚያዘው ከሁከት ጋር ሲገናኝ ሲሆን፣ እዚህ የቀረበው ሐሳብ ደግሞ ከድምፁ ትርጉም ጋር ሲገናኝ መሆኑ ነው። ማንንም ለጠብ ሳያነሣሣ በጸጥታ የመራጩን ድምፅ የሚገለብጥ መልእክት በመጀመሪያው መረብ ሊያዝ መቻሉ ያጠራጥራል።

መስፈርቱ አንድ ትልቅ ድክመት አለው። ለውሳኔ የሚቀርበው ጽሑፍ ራሱ የቅስቀሳ ቋንቋ ከሆነ የሚለካበት ዘንግ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የኦሃዮ የድምፅ መስጫ ቦርድ፣ ለመራጮች በሚቀርበው ማጠቃለያ ላይ የማሻሻያው ባለቤቶች የተጠቀሙበትን «ፅንስ» የሚል ቃል ትቶ «ያልተወለደ ሕፃን» የሚል አስገባ፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ከአንዲት አነስተኛ እርማት በቀር ማጠቃለያውን አጸናው። ማሻሻያው ወደ 57 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ ጸደቀ። ውጤቱ እንደ ካንሳሱ ጥያቄውን እንዲያስረሳ መፍቀድ አይገባም። መንግሥት በወረቀቱ ላይ የሚያትመው ቃል ከየትኛውም የመንገድ ዳር ሰሌዳ ይልቅ ወደ መራጩ እጅ የቀረበ፣ የመጨረሻውና መልስ የማይሰጥበት ማስታወቂያ ነው። መለኪያው ስለዚህ ሙሉው የማሻሻያ ጽሑፍ እንጂ ባለሥልጣናት የሚያዘጋጁት ማጠቃለያ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ጉዳይ የተናጋሪው ማንነት ነው። እዚህ ላይ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ሁለት ዝንባሌ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ አንዲት የኦሃዮ ሴት የትምህርት ቤት ግብርን በመቃወም ስሟን ሳትገልጽ በራሪ ወረቀት የመበተን መብቷን አስከብሯል፤ በ2010 ደግሞ ኩባንያዎች ለምርጫ ያለ ገደብ እንዲያወጡ በፈቀደበት በዚያው ሲትዝንስ ዩናይትድ በሚባለው ውሳኔ፣ ከፋዩ ይገለጽ የሚለውን ግዴታ በ8 ለ1 ድምፅ ደግፏል። ሁለቱን ማስታረቅ አያዳግትም፤ በገዛ እጇ ወረቀት የምትበትን አንዲት ዜጋና በአንድ ምሽት በርካታ ስልኮችን የሚያንኳኳ ኮሚቴ በአንድ ዓይን የሚታዩ አይደሉም። ሆኖም ስም ማስጻፍ ብቻውን ብዙ አይፈይድም። የካንሳሱ ማሻሻያ ደጋፊዎች መጠሪያ «ሁለቱንም አክብሩ»፣ የፍሎሪዳው «ነፃነትን የሚጠብቁ ፍሎሪዳውያን»፣ የኦሃዮዎቹ ተቃዋሚዎች ደግሞ «የኦሃዮን ሴቶች እንጠብቅ» የሚል መንፈስ ያለው ነበር። በየትኛው ወገን እንደቆሙ ከስማቸው ብቻ ለይቶ መናገር ለሚሞክር ሰው ሥራው ከባድ ነው፤ ስሙ ራሱ ማስታወቂያ ሆኗልና። ግዴታው የኮሚቴውን ስም አልፎ ዋና ዋና ገንዘብ ሰጪዎችን ካልጠቀሰ ባዶ ነው።

የግልጽነት ሕግ ሳይኖር ምን እንደሚሆን አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2018 አሳይታለች። በዚያ አገር የፖለቲካ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ክልክል ነው፤ ከውጭ አገር ለቅስቀሳ ገንዘብ መቀበልም እንዲሁ። በኢንተርኔት ላይ ግን ማንም ከየትም ሆኖ ማስታወቂያ መግዛት ይችል ነበር። የሕገ መንግሥቱን ስምንተኛ ማሻሻያ ለመሻር በሜይ 25 ሊካሄድ በነበረው ሕዝበ ውሳኔ ዋዜማ፣ በጎ ፈቃደኞች በኮምፒውተራቸው ላይ የሚታዩትን ማስታወቂያዎች እየመዘገቡ ለሕዝብ ይፋ ለማውጣት ተነሡ። በሜይ 8 ፌስቡክ ከውጭ የሚከፈሉትን ማስታወቂያዎች ከለከለ፤ በማግሥቱ ጉግል ጉዳዩን የሚመለከቱትን በሙሉ አቆመ። ሽረቱን የሚቃወሙት ወገኖች ይህ ሆን ተብሎ በእነርሱ ላይ የተደረገ ነው አሉ። ውጤቱ 66.4 በመቶ ለሽረቱ ስለነበር ማስታወቂያዎቹ ሚዛኑን ይገለብጡት ነበር ማለት ያስቸግራል፤ ቅሬታው ግን ተገቢ መነሻ አለው። ድምፅ ሊሰጥ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀር የጨዋታውን ሕግ የቀየሩት መራጩ ያልመረጣቸው ሁለት ኩባንያዎች ናቸው። አየርላንድ የራሷን የምርጫ ኮሚሽን የሚያቋቁም ሕግ ያወጣችው ከዚያ በኋላ በ2022 ነው።

በእነዚህ ሐሳቦች ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ ከአፈጻጸም ይመጣል። የካንሳሱ መልእክት የተላከው በዋዜማው ነው፤ የትኛውም ፍርድ ቤት በአንድ ሌሊት ከሳሽ ሰምቶ፣ ተከሳሽ ጠርቶ አይፈርድም። ቅጣቱ ከምርጫው በኋላ ቢመጣ የተገለበጠውን ድምፅ አይመልስም። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ የሚያፈርሰው ግን ቅጣትን ብቻ ዋስትና የሚያደርገውን አስተሳሰብ ነው። ግዴታው ከመልእክቱ በፊት መቅደም አለበት። በብዛት የሚላክ የምርጫ መልእክት የከፋዩን ማንነት ከጽሑፉ ጋር ይዞ ካልቀረበ የስልክ መሥመር አከራዩ እንዳይልከው ማዘዝ ይቻላል፤ ይህ ስለ ይዘቱ አንዳች ዳኝነት አይጠይቅም። በካንሳስ መልእክቶቹ የወጡባቸውን ቁጥሮች ያከራየው ትዊሊዮ የተባለው ኩባንያ፣ ጉዳዩ ሲሰማ ሳይውል ሳያድር ቁጥሮቹን ዘግቷል። ሊዘጋቸው የቻለው የማን ሒሳብ እንደሆኑ በመዝገቡ ላይ ስለነበረ ነው። ያ መረጃ መልእክቱ በተላከበት ደቂቃም በዚያው መዝገብ ላይ ነበር፤ መልእክቱን ያነበበችው መራጭ ግን ከማን እንደመጣ ሳታውቅ በማግሥቱ ጠዋት ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄዳለች።